የንግሥቲቱ ምስል የማን እጅ ሥራ ነው? ፊርማ የሌለው ሐውልት ሠሪው ስለሚታወቅበት መንገድ

ጠገራ ብር በገበያ ይውል በነበረበት ዘመን ነጋዴው ብሩን ከመቀበሉ በፊት በእጁ እያገላበጠ ይመረምረው ነበር። በብሩ ላይ የሚታዩት የኦስትሪያ ገዥ የነበሩት ማርያ ቴሬዛ ናቸው። ነጋዴው በትከሻቸው ላይ ያለው ፈርጥ ዕንቁዎቹ ጥርት ብለው መታየታቸውን፣ ከምስሉ በታች ያሉት ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደሎችም አለመጥፋታቸውን ያይ ነበር። በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ምንጊዜም 1780 ነው፤ ማርያ ቴሬዛ የሞቱትም በዚያው ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ያው ምስልና ያው ዓመት ያለበት ብር በ19ኛው መቶ ዓመት በቪየና፣ በሚላኖና በቬኒስ፣ በ20ኛው መቶ ዓመትም በሮማ፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ተመትቷል። እንግዲህ በብሩ ላይ ያለው ዓመት ብሩ መቼ እንደ ተሠራ አይናገርም፤ በብሩ ላይ ያለው መልክም የት እንደ ተሠራ አይናገርም። ይህን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ትንንሾቹን ምልክቶች አንድ በአንድ መመርመር ነበረበት።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከዚህ የነጋዴ ጥያቄ ብዙም የራቀ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዕብነ በረድ የተቀረጸ፣ የአንዲትን ንግሥት ፊት የሚያሳይ፣ ነገር ግን የሠሪው ስም የሌለበት ሐውልት ቢገኝ፣ የማን ሥራ ነው ለማለት በምን ማስረጃ እንመካለን? ነገሩን በጅምላ ከመናገር ይልቅ አንድ የታወቀ ምሳሌ ይዘን ለመሄድ መርጠናል። ምሳሌያችንም የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በወጣትነታቸው የተቀረጹት የደረት ምስል ነው። የደረት ምስል የምንለው ራስን፣ አንገትንና የደረትን ላይኛ ክፍል ብቻ የሚያሳየውን ሐውልት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

አንድ ፊት፣ ብዙ ሠሪዎች

ቪክቶሪያ የተወለዱት በ1819 ነው፤ ዙፋን ላይ የወጡት በ1837 በ18 ዓመታቸው ነበር። ገና ልዕልት ሳሉ በ1829 ዊልያም ቤንስ የተባለው ቀራጺ የሕፃንነት መልካቸውን በዕብነ በረድ ቀርጿል። ከነገሡ በኋላ የመጀመሪያውን የደረት ምስል የሠራው ሄንሪ ዊክስ ነው። ይኸውም በ1838 ንግሥቲቱ ለእናታቸው ለኬንት ዱቼስ ስጦታ እንዲሆን ያሠሩት ነው። በሚከተለው ዓመት በ1839 የዘመኑ ስመ ጥር ቀራጺ ሰር ፍራንሲስ ቻንትሪ የራሱን ሠራ። ከዚሁ ከቻንትሪ ምስል በ1841 የተቀረጸው ሌላ ሐውልት ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕለ መልክ ቤተ መዘክር ይገኛል። ጆን ፍራንሲስ የተባለውም ቀራጺ ንግሥቲቱን በተለያዩ ጊዜያት ቀርጿቸዋል።

ሠሪዎቹ ብዙ መሆናቸው ብቻውን ችግር ባልሆነ ነበር። ችግሩ ሠሪዎቹ እርስ በርሳቸው በትምህርት የተያያዙ መሆናቸው ነው። ዊክስ ሙያውን መጀመሪያ የተማረው ከቤንስ ዘንድ ነው። ከ1827 ጀምሮ ደግሞ በቻንትሪ የሥራ ቤት በረዳትነት ገብቶ ጌታው በኅዳር 1841 እስኪሞት ድረስ አብሮት ሠርቷል። ከዚያም በኋላ የሥራ ቤቱን ተረክቦ ጌታው ጀምሮ የተዋቸውን ሥራዎች የጨረሰው እርሱ ነው። ከነዚህም አንዱ በለንደን የንግድ ልውውጥ ቤት ፊት ለፊት የቆመው የዌሊንግተን መስፍን የፈረስ ላይ ሐውልት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የወጣቷን ንግሥት ሐውልት አይቶ «አሠራሩ የቻንትሪን ይመስላል» ቢል እውነቱን ተናግሯል፤ ነገር ግን ገና ምንም አላስረዳም። ቻንትሪን የሚመስለው ሥራ የራሱ የቻንትሪ ወይም አሥራ አራት ዓመት በእጁ ሥር የሠራው ረዳቱ ሊሆን ይችላልና።

«እጅ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሠዓሊ ሸራውን የሚቀባው በገዛ እጁ ነው፤ በሸራው ላይ ያለው የብሩሽ ምልክትም ብዙውን ጊዜ የእርሱ ነው። የ19ኛው መቶ ዓመት የዕብነ በረድ ሐውልት ግን እንደዚህ አይሠራም ነበር። የአሠራሩን ቅደም ተከተል ያላወቀ መርማሪ የሚመለከተውን ነገር በትክክል ሊያውቀው ስለማይችል በአጭሩ እንገልጸዋለን።

አስቀድሞ ባለ መልኩ በቀራጺው ፊት ይቀመጣል። ቻንትሪ በዚህ ጊዜ ካሜራ ሉሲዳ በሚባል መሣሪያ ይጠቀም ነበር። ይህ መሣሪያ ዊልያም ዎላስተን በ1806 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሲሆን፣ በዘንግ ላይ የተሰካ ትንሽ ባለ ማዕዘን ብርጭቆ ነው። በብርጭቆው የሚመለከት ሰው የባለ መልኩን ፊት በወረቀቱ ላይ የወደቀ መስሎ ስለሚያየው መስመሩን በእርሳስ ይከተለዋል። ቻንትሪ በዚህ መንገድ የጎኑንና የከፊል ጎኑን መልክ ይነድፍ ነበር። ከዚያ በኋላ በጭቃ ይቀርጻል፤ የቀራጺው የራሱ አሳብና የራሱ እጅ ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው በዚህ በጭቃው ሥራ ነው።

ጭቃው ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ በጀሶ ይገለበጣል። ከጀሶው ወደ ዕብነ በረድ የሚደረገው ዝውውር ደግሞ የረዳቶች ሥራ ነው። ረዳቱ ክንድና መርፌ ባለው የነጥብ መለኪያ መሣሪያ የአፍንጫውን ጫፍ፣ የአገጩን ወለል፣ የጆሮውን ሥር፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ከጀሶው ላይ ይለካል። በድንጋዩም ላይ ያንኑ ያህል ጥልቀት ይሰረስራል። ነጥቦቹ ሁሉ ሲያልቁ በመካከላቸው ያለውን ድንጋይ በመሮ ያነሣል። በመጨረሻ ጌታው መጥቶ ፊቱን፣ ከንፈሩንና የዓይኑን ቆብ ያስተካክላል። አንዳንድ ጊዜም ይህንኑ እንኳ ለሠለጠነ ረዳት ይተወዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። «ይህ ሐውልት የቻንትሪ ነው» ስንል ድንጋዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቻንትሪ ወቀረው ማለታችን አይደለም። የምንለው፣ የተቀረጸው በቻንትሪ ንድፍ ነው፣ በእርሱ የሥራ ቤት በእርሱ ኀላፊነት ተሠርቶ በስሙ ወጥቷል ነው። ስለሆነም ዋናው ማስረጃ በመሮው አሻራ ላይ ብቻ ሳይሆን በጀሶውና በመዝገቡ ላይ ይፈለጋል። ይህን ሳያስቡ በፀጉሩ አቀራረጽና በከንፈሩ ቅርጽ ብቻ የሚፈርዱ ሰዎች፣ የጌታውን ስም ፈልገው የረዳቱን እጅ ሲመረምሩ ይገኛሉ።

ማስረጃዎቹና ክብደታቸው

አሁን አንድ ፊርማ የሌለው የወጣቷ ንግሥት ምስል በፊታችን ቆሟል እንበል። ሻጩም «የቻንትሪ ነው» ይላል። እኛ ነገሩን በሚከተለው ቅደም ተከተል እንመረምረዋለን።

አንደኛ፦ ጽሑፍ። የዚያ ዘመን ቀራጮች ስማቸውን የሚጽፉት በግንባር ሳይሆን በጀርባ ወይም በትከሻው ቁራጭ ጎን ነው። ከስሙ አጠገብም «ስኩልፕሲት» ማለት «ቀረጸው» ወይም «ፌኪት» ማለት «ሠራው» የሚለውን የላቲን ቃል በምሕጻር ያስከትሉታል። ስለዚህ ሐውልቱን ከግድግዳው አርቆ ጀርባውን ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ጽሑፍ ቢገኝም እንኳ ምርመራው አያልቅም። ፊደሎቹ ከቀረው የድንጋይ ፊት ጋር እኩል አርጅተዋል ወይስ በአሮጌው እድፍ ላይ በአዲስ መሮ ተቆርጠዋል? ጽሑፉ ያለው በሐውልቱ ላይ ነው ወይስ ሊለወጥ በሚችለው መቆሚያው ላይ? የመቆሚያው ምስክርነት ለሌላ ሐውልት የተሰጠ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፦ መዝገብ። ቻንትሪ ከ1809 ጀምሮ የሥራ ቤቱን ሒሳብ በመዝገብ ይይዝ ነበር። ይህ መዝገብ በለንደን በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተጠብቆ ይገኛል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ሙሉ ቃሉ ታትሟል። የሥራ ቤቱ አስተዳዳሪ ባለቅኔው አለን ከኒንግሃም ነበር። ከእንዲህ ያለ መዝገብ ማን እንዳዘዘ፣ መቼ እንደ ተከፈለና ወዴት እንደ ተላከ ለማወቅ ይቻላል። በፊታችን ያለው ሐውልት ከየትኛው ቤት እንደ ወጣ በውርስና በሽያጭ ወረቀት ወደ ኋላ ተከትለን፣ በመዝገቡ ከተጻፈው ባለቤት ዘንድ ብንደርስ፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ለማግኘት ያስቸግራል። መዝገቡ የተጻፈው ዕዳ ለመሰብሰብ እንጂ እኛን ለማሳመን አይደለምና።

ሦስተኛ፦ ጀሶው። ከቻንትሪ ሞት በኋላ በ1842 ባለቤቱ እመቤት ቻንትሪ የጀሶ ሞዴሎቹን ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ዛሬም በአሽሞሊያን ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ይህ ስጦታ ለመርማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ በጀሶው ላይ የነጥብ መለኪያው መርፌ ያረፈበት ምልክት ሳይቀር ሊታይ ይችላልና።

አራተኛ፦ ልክ። በነጥብ መለኪያ የተቀዱ ሁለት ዕብነ በረዶች እንደ ሁለት መንትዮች ናቸው፤ ከአገጭ እስከ ፀጉር ሥር፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ አንገት ጉድጓድ ያለው ርቀት ይገጥማል። ስለዚህ በፊታችን ያለው ሐውልት ስሙ ከታወቀው ሐውልት ጋር በነጥብ ሁሉ ቢስማማ፣ ሁለቱም ከአንድ ጀሶ ወጥተዋል ለማለት እንችላለን። መልኩ ተመሳስሎ ልኩ ቢለያይ ግን ወይ በዓይን የተቀዳ ነው፣ ወይ የሌላ ሰው ንድፍ ነው። ልክ ሌላም ነገር ይናገራል። ነሐስ ከቀለጠ በኋላ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ የሸክላ ሥራም በእሳት ሲተኮስ ያንሳል። ከሌላ ሐውልት ላይ ተገልብጦ በነዚህ የተሠራ ቅጂ እንግዲህ ከአባቱ ትንሽ አንሶ ይገኛል።

አምስተኛ፦ የድንጋዩ አጨራረስ። የፀጉሩ ጉንጉን በመሰርሰሪያ እንዴት እንደ ተፈለፈለ፣ ጀርባው እንዴት እንደ ተቦረቦረ፣ የልብሱ እጥፋት በሞረድ መለስለሱ ወይም የመሮው ጥርስ እንደ ታየ መቅረቱ ሁሉ ይመዘገባል። ይህ ማስረጃ ከላይ ያሉትን ለማጽናት ይረዳል፤ ብቻውን ሲቆም ግን ስለ ሥራ ቤቱ ልማድ እንጂ ስለ አንዱ ሰው አይመሰክርም።

መልክና ዘመን

ከማስረጃዎቹ መካከል ለብቻው ልንናገርለት የሚገባ አንድ አለ። ይኸውም የባለ መልኩ ዕድሜ ነው። ብዙ ሰው «ንግሥቲቱ የሃያ ዓመት ወጣት ሆነው ስለሚታዩ ሐውልቱ የተሠራው በ1839 ግድም ነው» ይላል። ይህ አስተያየት ለመቀበል የቀለለ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

በመጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንመልከት። ዊልያም ዋይን የቀረጸው የወጣቷ ንግሥት ራስ በእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ላይ በ1838 ወጣ፤ እስከ 1887 ድረስም አልተለወጠም። ንግሥቲቱ ባል አግብተው፣ ዘጠኝ ልጆች ወልደው፣ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ስድሳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው እንኳ በኪስ ውስጥ ያለው ወርቅ የሚያሳየው ያችኑ ወጣት ነበር። በ1887 የተተካው አዲስ ምስል የጆሴፍ ኤድጋር ቦም ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይበልጣል። በለንደን በኬንሲንግተን የአትክልት ስፍራ ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሡበት ዘመን መልካቸው፣ የዘውድ በዓል ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠው የሚታዩበት የዕብነ በረድ ሐውልት አለ። ፊቱን ብቻ የሚያይ ሰው የ1830ዎቹ መጨረሻ ሥራ ነው ይላል። ነገር ግን የተመረቀው በ1893 ነው፤ የሠሩትም የንግሥቲቱ ልጅ ልዕልት ሉዊዝ ናቸው። ልዕልቲቱ እናታቸውን በዚያ ዕድሜ አላዩአቸውም፤ እርሳቸው የተወለዱት በ1848 ነውና። መልኩን ከቀድሞ ምስሎች መውሰድ ነበረባቸው። እንግዲህ የመልክ ዕድሜ ከዚህ ዓመት በፊት አልተሠራም ለማለት ይረዳል፤ ከዚህ ዓመት በኋላ አልተሠራም ለማለት ግን ፈጽሞ አይረዳም።

የቻንትሪ ዓይነት ምስሎችም ከእርሱ ሞት በኋላ መባዛታቸው አልቀረም። በ1844 ቤንጃሚን ቼቨርተን ሐውልትን በልክ እያሳነሰ የሚቀዳ መሣሪያ አስመዝግቦ በዝሆን ጥርስ ትንንሽ የደረት ምስሎችን ያወጣ ነበር። በዚያው ዘመን ደግሞ ዕብነ በረድ የሚመስለው ፓሪያን የተባለው የሸክላ ሥራ በፋብሪካ መውጣት ስለ ጀመረ የታላላቅ ሰዎች ምስል በየመኖሪያ ቤቱ ገባ። አንድ ምስል ከአንድ ቀራጺ አእምሮ ወጥቶ በስንት እጅ እንዳለፈ መለየት የመርማሪው ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

አንዳንድ አንባቢ «ሐውልቱ ያምራል፤ የዊክስም ቢሆን የቻንትሪ ምን ልዩነት አለው?» ይለን ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዊክስ በ1838 ንግሥቲቱን ሲቀርጽ የሠላሳ አንድ ዓመት ረዳት ነበር፤ ጌታው ደግሞ በአገሩ ከሁሉ የታወቀ የመልክ ቀራጺ ነበር። ያም ሆኖ የነገሡትን ንግሥት ከጌታው ቀድሞ የቀረጸው ረዳቱ ነው። ፊርማ የሌለውን ሥራ ሁሉ ስሙ ለገነነው ሰው የምንሰጥ ከሆነ ይህን የመሰለ እውነት ከታሪክ ይጠፋል። ነጋዴውም ወደዚያው ያዘነብላል፤ የታወቀ ስም ዋጋ ያወጣልና። በዚህ ዓይነት የረዳቱ ድካም ለሁለተኛ ጊዜ ለጌታው ይሆናል።

በልዕልት ሉዊዝ ላይ የደረሰው ደግሞ የዚህ ስሕተት ሌላ መልክ ነው። ልዕልቲቱ ቅርጻ ቅርጽን የተማሩት በመጀመሪያ የጆን ፍራንሲስ ልጅ ከሆነችው ከቀራጺዋ ከሜሪ ቶርኒክሮፍት፣ በኋላም ከቦም ነው። የእርሳቸውን ሥራ በእውነት የሠራው መምህራቸው ቦም ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ሴት፣ ይልቁንም የንጉሥ ልጅ፣ ድንጋይ ልትቀርጽ አትችልም የሚል አሳብ ለወሬው መነሻ እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም። እኛ የምንለው፣ ወሬ ማስረጃ አይደለም። ረዳት ወይም መምህር እጁን አገባ የሚለው ነገር ስም የሚያሳጣ ቢሆን ኖሮ ከላይ በገለጽነው አሠራር ምክንያት ቻንትሪም ስሙን ባጣ ነበር። ለወንዱ «የሥራ ቤቱ ልማድ ነው» ብለን ያለፍነውን ለሴቲቱ «የሌላ ሰው ሥራ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ በመዝገብ ካርድ ላይ ስም ስንጽፍ በደረጃ መጻፍ ይገባል። ጽሑፉ፣ መዝገቡና ልኩ ሲስማሙ «የቻንትሪ» እንላለን። ልኩ ከጀሶው ጋር ገጥሞ መዝገቡ ዝም ሲል «የቻንትሪ የሥራ ቤት» እንላለን። ከሞቱ በኋላ ከንድፉ የወጣ ሲሆን «ከቻንትሪ የተቀዳ» እንላለን፤ የቀዳው ዊክስ መሆኑ ከተረጋገጠም ስሙ አብሮ ይጻፋል። መልኩ ብቻ ሲመስል «በቻንትሪ አሠራር» ብለን እንቆማለን። ከማስረጃው ከፍ ያለ ስም መስጠት ለሐውልቱ ክብር አይጨምርለትም፤ ከማስረጃው ዝቅ ያለ ስም መስጠትም ለሠሪው በደል ነው።

እኛ ተማሪዎች ይህን የሩቅ አገር ምሳሌ ያነሣነው ለወሬ ያህል አይደለም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉት ሥዕሎቻችን ብዙዎቹ የሠዓሊ ስም የላቸውም፤ በብራና መጻሕፍትም ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው የተጻፈበት ጊዜ አለ። ነገ እነዚህን በካርድ የሚመዘግብ ሰው ከእኛ መካከል የሚወጣ ነው። ያ ሰው እንደ ጥንቱ ነጋዴ ብሩን ሳያገላብጥ እንዳይቀበል፣ የተጻፈውን ዓመትና የሚታየውን መልክ ብቻ አይቶ እንዳይፈርድ እንመኛለን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሚውለው ግን የባለቤቱ ስም ሲሆን ነው።